የድሮ ስደተኞች ቶሎ አሜሪካዊ ሆኑ ያለው ማን ነው?

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጉባኤያችን እሑድ ከሰዓት የሚከራየው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ከመግቢያው በስተ ግራ፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ የማዕዘን ድንጋይ አለው። በበረዶው ወራት ተሸፍኖ ስለሚቆይ ብዙዎቻችን አናስተውለውም። እኔም ለዓመታት እንግሊዝኛ መስሎኝ ሳላነበው ሳልፍ ኖሬ፣ በረዶው በቀለጠበት አንድ እሑድ ልጄን ስጠብቅ ጎንበስ ብዬ ባየው «ኖርስክ ኢቫንጌሊስክ ሉተርስክ» ይላል። የኖርዌይ ቋንቋ ነው። ያን ድንጋይ ያኖሩት ሰዎች የልጅ ልጆቻቸው በዚያው ቋንቋ እንደሚያነቡና እንደሚጸልዩ የተጠራጠሩ አይመስሉም።

ነገሩን ያነሣሁት በየቡናው ላይና በየማኅበራዊ ሚዲያው ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል ስላለ ነው። የድሮዎቹ አውሮፓውያን ስደተኞች በሕጋዊ መንገድ መጡ፣ የመንግሥትን እጅ ሳይጠብቁ ጥረው ግረው ኖሩ፣ ወዲያው እንግሊዝኛ ተምረው አሜሪካዊ ሆኑ፤ የዛሬዎቹ ግን በአንድ ሰፈር ተሰባስበው፣ ቋንቋቸውን እንደያዙ፣ እንግዳ ሆነው ይኖራሉ ይባላል። ፖለቲከኞች ቢሉት አይገርመኝም፤ ድምፅ ያመጣላቸዋል። የሚገርመኝ የእኛው ሰው ዜግነቱን ባገኘ በዓመቱ ስለ ሶማሌ ጎረቤቱ ይህንኑ ቃል በቃል ሲደግመው ነው። እኔ የምለው ይህ አባባል በምንኖርባት በሚኒሶታ ታሪክ ፊት ጨርሶ አይቆምም ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በሕጋዊ መንገድ መጡ» ከሚለው ልጀምር። መምጣታቸው ሕጋዊ ነበር፤ የሰፈሩበት መሬት እንዴት ባዶ እንደ ሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የግዛቷ ስም ራሱ ከምድሪቱ ነባር ሕዝብ ከዳኮታዎች ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ ሰማይ የሚመስል ውሃ ብለው የሚተረጉሙት አሉ። ዳኮታዎች በ1851 በተፈረሙ ሁለት ውሎች አብዛኛውን የደቡብ ሚኒሶታ መሬታቸውን ለቀው በአንድ ወንዝ ዳር ጠባብ ቦታ ላይ ተወሰኑ፤ በምላሹም በየዓመቱ ገንዘብና ቀለብ ሊሰጣቸው ቃል ተገባ። በግንቦት 1862 የአሜሪካ መንግሥት 160 ኤከር፣ በእኛ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ መሬት፣ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላረሰው ሰው ሁሉ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ተቀባዩ ዜጋ መሆን እንኳ አያስፈልገውም፤ ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ቢያስመዘግብ ይበቃው ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ፣ በነሐሴ፣ የዓመቱ ክፍያ የዘገየባቸውና ነጋዴዎች ዱቤ የከለከሏቸው የተራቡ ዳኮታዎች ጦርነት አነሡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ተገደሉ፤ ጀርመኖች የቆረቆሯት ኒው ኡልም ከተማ ተቃጠለች። ጦርነቱ በሳምንታት ውስጥ ሲያበቃ ወታደራዊ ችሎት 303 ሰዎችን በሞት ቀጣ፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን የብዙዎቹን ቅጣት ቢያነሡም ታኅሣሥ 26 ቀን 1862 ማንካቶ ላይ 38 ዳኮታዎች በአንድ መድረክ፣ በአንድ ቅጽበት ተሰቀሉ። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው በሞት የተቀጣበት ቀን እስከ ዛሬ ይኸው ነው። በማግስቱ ዓመት ኮንግረስ ዳኮታዎችን ከግዛቷ የሚያስወጣ ሕግ አወጣ፣ ግዛቷም ዳኮታ ለገደለ ገንዘብ መክፈል ጀመረች። ከስዊድንና ከኖርዌይ ወደቦች የተነሡት ገበሬዎች ይህን ሁሉ አላደረጉም፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። ሕጋዊው መሬት የተገኘው ግን በዚህ መንገድ ነው።

የመንግሥትን እጅ አልጠበቁም የሚለውም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ግዛቷ በ1867 የስደተኞች ጉዳይ ቦርድ አቋቁማ ሐንስ ማትሰን የተባለ የስዊድን ተወላጅ ጸሐፊ አድርጋ ሾመች፤ ቦርዱ በየቋንቋው በራሪ ጽሑፍ እያሳተመ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። የባቡር ኩባንያዎችም ከመንግሥት በነጻ ያገኙትን መሬት ለመሸጥ ወኪል እየላኩ ገበሬ ይመለምሉ ነበር። እስከ 1896 ድረስ በሚኒሶታ ዜጋ ያልሆነ ወንድ፣ ዜጋ ለመሆን ማመልከቻ ካስገባ፣ ይመርጥ ነበር። ይህ መብት የተነሣበት ያው 1896 የምርጫ መመሪያው በ9 ቋንቋዎች የታተመበት ዓመት ነው፦ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በቼክ፣ በጣሊያንና በፖላንድ ቋንቋ። ዛሬ የድምፅ መስጫ መመሪያ በአማርኛ ወይም በሶማሊኛ ሲወጣ «አገሪቱ ጠፋች» የሚል ሰው ያችን የ1896 ወረቀት ቢያያት ደስ ይለኛል። በ1890 ቆጠራ ከሚኒሶታ ነዋሪዎች ከሲሶ በላይ የሚሆነው ውጭ አገር የተወለደ ነበር፤ ዛሬ ከመቶው 10 አይሞላም።

ቋንቋውንም ቶሎ አልተዉትም። ኖርዌጂያኖቹ ሴንት ፖል ላይ በ1917 የየበኩላቸውን ሲኖዶስ አዋሕደው አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ ስሙን «የአሜሪካ ኖርዌጂያን ሉተራን ቤተ ክርስቲያን» አሉት። «ኖርዌጂያን» የሚለው ቃል ከስሙ የወጣው በ1946 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሚኒሶታ ከገቡ ወደ 100 ዓመት ሲጠጋ ማለት ነው። ስዊድኖቹ የራሳቸው ጋዜጣ፣ የራሳቸው ኮሌጅ፣ የራሳቸው መረዳጃ ማኅበር ነበራቸው። ኖርዌይ የተወለደው ክኑት ኔልሰን በ1893፣ ስዊድን የተወለደው ጆን ሊንድ በ1899 የግዛቷ ገዢ ሆኑ፤ ሁለቱም የወገኖቻቸው ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛ አገር ቢሆን የብሔር ፖለቲካ እንለው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የፊንላንዶቹ ታሪክ ለእኛ ሰው ሊነገር ይገባል። ከዱሉት በስተ ሰሜን ባለው የብረት ማዕድን ምድር፣ ሜሳቢ በሚባለው ሰንሰለት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፊንላንዳውያን፣ ስሎቬኖች፣ ክሮአቶችና ጣሊያኖች ጎን ለጎን ይቆፍሩ ነበር። በ1907 የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ ከአድማኞቹ ግንባር ቀደሞቹ ፊንላንዳውያን ነበሩ። ኩባንያው አድማውን ሰበረ፤ ስማቸው በጥቁር መዝገብ የሰፈረ ፊንላንዳውያንም ዳግም ማዕድን እንዳይገቡ ተደረገ። ጉዳዩ በዚህ አላበቃም። በዚያን ጊዜ ሕግ ዜግነት ሊያገኝ የሚችለው «ነጭ» ወይም የአፍሪካ ዝርያ ያለው ሰው ብቻ ነበርና፣ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ጆን ስቫን የተባለ ፊንላንዳዊ ያቀረበውን የዜግነት ጥያቄ «ፊንላንዳውያን ሞንጎሎች ናቸው፣ ነጭ አይደሉም» ብሎ ተቃወመ። በጥር 1908 ዱሉት ላይ ዳኛ ዊልያም ካንት ጉዳዩን አይተው፣ ምንጫቸው በጥንት ዘመን ምንም ይሁን ምን የዛሬ ፊንላንዳውያን ከነጭ ሁሉ የነጡ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ፀጉሩ እንደ ገብስ ነዶ የነጣ ሰው ነጭ መሆኑን ለማረጋገጥ ፍርድ ቤት መቆሙን ሳስብ መሳቅም ማዘንም ያቅተኛል። ከማዕድኑ የተባረሩት ደን መንጥረው፣ ጉቶ ነቅለው ገበሬ ሆኑ፤ የኩባንያው ሱቅ ሲዘጋባቸውም በየመንደሩ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ሱቅ ከፈቱ። ያኔ ኮሚኒስት፣ አመፀኛ፣ የማይዋሐድ ሕዝብ ይባሉ ነበር። ዛሬ ሳውናቸው የሚኒሶታ ባህል ተብሎ ይወደሳል።

ጀርመኖቹ ደግሞ ቁጥራቸው ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ቁጥር ግን አላዳናቸውም። አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የግዛቷ ምክር ቤት የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን የሚባል፣ ሥልጣኑ ልክ ያልነበረው አካል አቋቋመ። በሐምሌ ወር ኒው ኡልም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰብስበው፣ የተመለመሉ ወጣቶች ከአባቶቻቸው ወንድሞች ጋር እንዲዋጉ ወደ አውሮፓ እንዳይላኩ ጠየቁ። ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብ ነበር ጥፋታቸው። ገዢው በርንክዊስት ከንቲባውን ሉዊስ ፍሪትሼንና የከተማዋን ጠበቃ ከሥራ አገዱ፣ ኋላም አነሡ። በ1918 ዜጋ ያልሆነ ሁሉ ራሱንና ንብረቱን እንዲያስመዘግብ ታዘዘ፤ ሉቨርን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ጀርመናዊ ገበሬ የጦርነት ቦንድ አልደገፍክም ተብሎ ገላው በሬንጅ ተለቅልቆ፣ ላባ ተነስንሶበት ከግዛቷ ተባረረ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከንቲባውን ያነሡት ገዢ የስዊድን ስደተኞች ልጅ ነበሩ። አንድ ትውልድ ቀደም ብሎ ወላጆቻቸው «የማን ወገን ናችሁ?» የሚለውን ፈተና ተፈትነዋል፤ ልጃቸው ደግሞ ፈታኝ ሆነው ተቀመጡ።

ፈታኙና ተፈታኙ እየተቀያየሩ ያለፉበትን አንድ ቦታ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ሚኒያፖሊስ ሴዳር ጎዳና ይሂድ። መንገዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስካንዲኔቪያውያን ነበር፤ ወንዶቹ ከከንፈራቸው ሥር የሚይዙትን ትንባሆ በየእግረኛው መንገድ ስለሚተፉ ሰፈሩ በዚያ ትንባሆ ስም ይጠራ ነበር፤ በስካርና በድብድብም ይታማ ነበር። ዴንማርካውያኑ በ1886 የሠሩት አዳራሽ በ2000 ተቃጥሎ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነበር። ዛሬ በ1973 የተሠሩት፣ ቀይና ቢጫና ሰማያዊ ገበታ የተለጠፈባቸው የሪቨርሳይድ ፕላዛ ሕንፃዎች ከላይ ቆመው፣ ከሥራቸው የሶማሌ ሻይ ቤት፣ የሐዋላ ቤት፣ መስጊድ፣ የኦሮሞና የአማርኛ ጽሑፍ የተለጠፈባቸው መደብሮች ተደርድረዋል። ሶማሌዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው መጡ፤ ብዙዎቹም በደቡብ ሚኒሶታ ትናንሽ ከተሞች ሌላ ሰው በማይፈልገው የሥጋና የዶሮ ማቀነባበሪያ ሥራ ተቀጠሩ። ከእነርሱ በፊት ከላኦስ የመጡት ሕሞንጎች አሁን በሚኒሶታ ከ90 ሺህ በላይ ናቸው፤ ከመጡ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላ በ2002 ሚ ሙዋ ለግዛቷ ሴኔት ተመረጠች። ሶማሌዋ ኢልሃን ኦማር በ2018 ለኮንግረስ ተመረጠች። የድሮዎቹ ይፈጥኑ ነበር የሚል ካለ ዓመታቱን ቆጥሮ ያሳየኝ።

በወረርሽኙ ጊዜ ለሕፃናት ምግብ የተመደበውን ገንዘብ በማጭበርበር የተከሰሱት ብዙዎቹ ሶማሌ አሜሪካውያን አይደሉም ወይ የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ናቸው፤ ገንዘቡም በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ ጥፋቱም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። በዋና መሪነት ጥፋተኛ የተባለችው ሴት ግን ሶማሌ አይደለችም፤ ስለ እርሷ ወገን ግን ማንም አልተነሣም። በ1918 ጀርመናዊ ሁሉ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት የካይዘር ሰላይ የተባለውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ከሱዳንና ከሌሎችም የስደተኛ ካምፖች የመጡ ኢትዮጵያውያን ወደ ሚኒሶታ ሲገቡ ብዙዎቹን በዋስትና የተቀበሏቸው እነዚሁ የሉተራን ምእመናን ናቸው። ዕውቂያው ከዚያ በፊት የተጀመረ ነው፤ የስዊድን፣ የኖርዌይና የአሜሪካ ሉተራን ሚሲዮናውያን በአገራችን ሲሠሩ ኖረዋል፣ በ1959 የቆመችው መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘች ናት። ዛሬ የሚኒሶታ የኦሮሞ ማኅበረሰብ ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልቁ ነው ይባላል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በሐምሌ 2018 አሜሪካ ሲመጡ ሚኒያፖሊስን ሳይረግጡ ያልተመለሱትም ለዚህ ነው። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው እዚህ በአንድ ፋብሪካ ይሠራል፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ይውላል፣ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ዕድር አይቀመጥም። ኖርዌጂያኖቹም በየሲኖዶሱ ተከፋፍለው አንዱ ሌላውን መናፍቅ እያለ ለብዙ ዓመታት ኖረዋል፤ አንድ ሲሆኑ ግን ኖርዌጂያንነታቸውን ትታችሁ ኑ ያላቸው አልነበረም።

ባለፈው ወር እዚያው በምንከራየው ቤት ምድር ቤት የጉባኤያችን ኮሚቴ ተሰብስቦ ነበር። አጀንዳው የልጆች ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሁን ወይስ በአማርኛ ይቀጥል የሚል ነበር። አንዲት እናት «ልጆቹ ካልገባቸው ለማን ነው የምናስተምረው?» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ደግሞ «አማርኛውን ከተውነውማ ለምን ለብቻችን እንሰበሰባለን፣ ጠዋት ከባለቤቶቹ ጋር ማምለክ እንችል የለም ወይ?» ብለው መለሱ። ከሁለት ሰዓት በላይ ተከራክረን ሳንስማማ፣ ቡናው ቀዝቅዞ፣ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ያዝን። ስወጣ ወደ ማዕዘን ድንጋዩ ዞር አልኩ። እነርሱ ይህንኑ ስብሰባ እስከ 1946 ድረስ ሲቀጥሩት ኖረዋል።