ትርፍ አምራች የተባለው ጎጃምና የማይቆጠረው ቤት

የመኸር ምርት ሪፖርት በወጣ ቁጥር ጎጃም ከፊት ይሰለፋል። ጤፉ የቢቸና፣ በቆሎው የሜጫና የቡሬ፣ ድንቹና ገብሱ የጮቄ ግርጌ ነው። «ጎጃም ውስጥ ድሃ አለ» ሲባል ሰሚው የሚገረመውም ለዚህ ነው። የወረዳው ኩንታል መብዛት ግን በየቤቱ ጎተራ እህል አለ ማለት አይደለም።

በመንግሥት የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት በአገር ደረጃ ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ ነበር። በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። አማራ ክልል በ2008 26.1 በመቶ ላይ ነበር። መቀነሱን አልክድም። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው ስለ ክልል ነው። ደገኛው ማቻከልና ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ሸበል በረንታ በኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ ከዚያ አይገኝም። በ2008 የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። ዛሬ ያ ገንዘብ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም።

አንድ ወረዳ ውስጥም ቢሆን ኑሮው አንድ ዓይነት አይደለም። ሜጫ ላይ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ። ከቦዩ በታች ማሳ ያለው በበጋም ያመርታል፤ ከቦዩ በላይ ያለው ጎረቤቱ ክረምትን ይጠብቃል። በሪፖርት ሁለቱም «የሜጫ አርሶ አደር» ናቸው።

ዋናው ጉዳይ ግን መሬት ነው። በክልሉ የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት ከወላጁ ቁራሽ ካልደረሰው ያለው አማራጭ መከራየት ወይም በእኩል ማረስ ነው። እንበልና አንዱ ሁለት ቃዳ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ በእኩል አርሶ ስምንት ኩንታል ጤፍ አገኘ። አራቱ የባለመሬቱ ነው። ጥር ላይ ገበያው በእህል ሞልቶ ዋጋ ሲወድቅ፣ የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ሁለቱን ይሸጣል። ከቀረው ላይ ዘር ያነሳል፤ የተረፈው ለቤቱ ነው። ሐምሌ ሲገባ ራሱ የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ዋጋ ሊሸምት ይወጣል። መዝገብ ላይ ግን ስምንቱም ኩንታል በምርትነት ተይዟል። ጥር ላይ የጠየቀው ባለሙያ የሚያገኘው መልስና ነሐሴ ላይ የሚያገኘው መልስ አንድ አይሆንም፤ የክረምቱን ደጅ ደግሞ ባለሥልጣን ብዙም አይረግጠውም።

ድሮ ይህን ጉድለት የሚሞላው መተማና ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ማጨድ ነበር። ያልሆነለት ባሕር ዳር ለቀን ሥራ ይገባል፣ ወይም አዲስ አበባ ሎተሪ ያዞራል። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የሁመራው መንገድ እንደ ድሮው አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የፋኖና የመንግሥት ጦር ግጭት ጎጃም ውስጥ ሲገባ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ገበያው አብሮ ይዘጋል። በዚህ ላይ ማዳበሪያ ተወደደ፤ በ2015 ክረምት ዋዜማ አርሶ አደሩ ማዳበሪያ አጣሁ ብሎ አደባባይ ወጥቷል።

ስለዚህ ክልሉም ሆነ የፌዴራሉ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የጎጃምን ኑሮ በወረዳ፣ ከተቻለም በቀበሌ ለይተው ማሳየት አለባቸው። መሬት ያለውና የሌለው፣ መስኖ የሚደርሰውና የማይደርሰው ካልተለየ፣ እርዳታውም ብድሩም የሚሄደው በስም ወደታወቀ ወረዳ እንጂ ወደተቸገረው ቤት አይደለም። ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆነው የሕዝብ ቆጠራ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ቀጣዩም ተራዝሞ ተራዝሞ ቀርቷል። ከሽግሽጉ በኋላ የተወለዱት መሬት አልባዎች በዚያ ቆጠራ ላይ ከአሥር ዓመት ያልዘለሉ ሕፃናት ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ትዳር ይዘው ልጆች አሳድገዋል፤ መዝገቡ የሚያውቃቸው ግን አሁንም በአባታቸው ቤት ሥር ነው።