በአቅም ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር አትለፉት

ወገኖቼ፣ ለጀልባችሁ ሞተር ልትገዙ ስትነሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ይሮጣል?» ከሆነ ከመነሻው ተሳስታችኋል። መቅደም ያለበት «ይህ ጀልባ ከኋላው ስንት ኪሎ ይችላል?» የሚለው ነው። ባታውቁ ኖሮ ባልከፋን። የሚያሳዝነን አምራቹ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ለጥፎላችሁ ሳለ አይታችሁ ማለፋችሁ ነው።

በአብዛኞቹ ትንንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ፣ መሪው አጠገብ ወይም ከኋለኛው ግድግዳ በውስጥ በኩል የአቅም ሰሌዳ አለ። ከፍተኛው የሞተር ጉልበት ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን፣ ሰውና ሞተር ከነዕቃው ተደምሮ ከስንት ኪሎ እንዳይበልጥ ይናገራል። በአሜሪካ ሕግ ይህ ሰሌዳ ከ1972 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6.1 ሜትር በታች ለሆኑ የሞተር ጀልባዎች ግዴታ ነው። ጉልበቱ በኪሎዋት ተጽፎ ካገኛችሁት አንድ ኪሎዋት 1.34 የፈረስ ጉልበት ነው። ሰሌዳው 40 ካለ 40 ነው፤ «ትንሽ ቢያልፍ ምን አለበት» የሚባል ነገር የለም። ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ብትሰቅሉም የሚቆጠረው ድምሩ ነው። የ60ውን ሞተር ክዳን በ40ው ክዳን ለውጣችሁ የምታስመስሉም አላችሁና ተዉ። ተቆጣጣሪው ሞተሩ ማሰሪያ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር አንብቦ ይደርስበታል፤ መድን ሰጪውም አደጋ ሲደርስ ካሳ ላለመክፈል በቂ ምክንያት ያገኛል። ውሃው ደግሞ የሚመዝነው ሞተሩን እንጂ ክዳኑን አይደለም።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በብዙ ጀልባዎች ሞተሩ እንዲቀመጥበት መሃሉ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል፤ ከጀልባው ጠርዝ ሁሉ ለውሃው የሚቀርበው እሱ ነው። አሁን ቁጠሩ። ባለ 50 ፈረስ ጉልበት ባለአራት ምት ሞተር 100 ኪሎ ገደማ ነው። ባትሪው 20 ኪሎ፣ 25 ሊትር ቤንዚን ከነመያዣው ሌላ 20 ኪሎ፣ ነጂው 75 ኪሎ። ከ200 ኪሎ በላይ ጀልባው ጅራት ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። ቆሞ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ጉዱ የሚታየው ጋዝ በድንገት ስትለቁ ነው። ሲሮጥ የነበረ ጀልባ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከኋላ ይከተለው የነበረው የራሱ ማዕበል ይደርስበትና በዚያ በተቆረጠው ቦታ ተሻግሮ ይገባል። የገባው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ፣ ያው ወደ ኋላ፣ ይሄዳል። አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነውና ኋላው የባሰ ይወርዳል፤ ቀጣዩ ማዕበል ከፊተኛው የበለጠ ይዞ ይገባል። ባልዲ ለማንሳት እንኳ ፋታ አይሰጥም። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

አሮጌ ጀልባ ያላችሁ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት ባለሁለት ምት ሞተሮች በነበሩበት ዘመን ነው። የዛሬው ባለአራት ምት ሞተር ጉልበቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በፈረስ ጉልበት ከሰሌዳው ሳታልፉ በኪሎ ልታልፉ ትችላላችሁ፤ የምትገዙትን ሞተር ክብደት ከመመሪያው ላይ አንብቡ። በፋይበር በተሸፈኑ ብዙ ግድግዳዎች ውስጥ ያለው እንጨት ነው፤ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ገብቶበት ከሆነ ከውጪ ሳያሳብቅ ውስጡን ይበሰብሳል። በመዶሻ እጀታ ዳር እስከ ዳር አንኳኩት፤ ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ። ከዚያ ሞተሩን ከፍ አድርጋችሁ የታችኛውን እግሩን ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ጫን ጫን አድርጉት፤ ሌላ ሰው ግድግዳውን ይመልከት። ግድግዳው ከተነቃነቀ ወይም በብሎኖቹ ዙሪያ ቡናማ ውሃ ካዠ፣ ሰሌዳው የፈቀደው ጉልበት እንኳ ለዚያ ጀልባ በዝቶበታል። ግድግዳው ሳይጠገን ምንም ሞተር አትስቀሉ።

ለዚህ ሁሉ አደጋ የምታገኙትን ትርፍ ደግሞ አስሉት። ውሃ ላይ ተነስቶ በሚሮጥ ጀልባ ፍጥነቱ የሚያድገው በግምት በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ነው። በ40 ፈረስ ጉልበት በሰዓት 45 ኪሎሜትር የሚሄድ ጀልባ 60 ቢገጠምለት ወደ 55 ቢደርስ ነው። ለዚያች 10 ኪሎሜትር ብላችሁ ግን ከአንድ ግንድ ጋር ስትጋጩ የሚወርድባችሁን ኃይል በግማሽ ጨምራችሁታል፤ ጀልባ ደግሞ ፍሬን የለውም። ከታሰበለት ፍጥነት በላይ ሲሄድ አፍንጫው መነሳትና መውደቅ፣ ጎኑም ወዲህና ወዲያ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሹል መታጠፊያ ላይ የሚገለበጠው እንዲህ ሲሆን ነው። በእጀታ የሚነዳ ከሆነ ይብሳል፤ የሞተሩ ጉልበት እጀታውን ከእጅ ይነጥቃል፣ ጀልባው ባንድ ጊዜ ይዞርና ነጂውን ይጥላል፣ ከዚያም ክብ እየሠራ ከነሚሽከረከረው ፕሮፔለር ተመልሶ ይመጣበታል። ነጂው ሲወድቅ ተስቦ ሞተሩን የሚያጠፋውን የማጥፊያ ገመድ እግራችሁ ላይ ወይም ጃኬታችሁ ላይ ሳታስሩ አትንቀሳቀሱ የምንለው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ማጥፊያው በተገጠመላቸው ከ26 ጫማ በታች በሆኑና 3 ፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ባላቸው ጀልባዎች ላይ ይህ በሕግ ተደንግጓል።

ሰሌዳው የጠፋበት ጀልባ የገዛችሁ አምራቹን ጠይቁ። አምራቹ ከሌለ የአሜሪካው ደንብ ከ20 ጫማ በታች ላሉ ባለአንድ አካል ጀልባዎች የሚጠቀምበት ስሌት ይረዳችኋል፤ በአየር ለሚነፉ፣ ለታንኳና ለሸራ ጀልባ ግን አይሠራም። የጀልባውን ርዝመት በጫማ ለኩ፣ የኋላ ግድግዳውን ስፋት በጫማ ለኩ፣ አባዙ። 14 ጫማ ርዝመት በ5 ጫማ ስፋት 70 ይሆናል። ከመሪ የሚነዳና ግድግዳው ቢያንስ 20 ኢንች ከፍታ ያለው ከሆነ 70ን በ2 አባዝታችሁ 90 ትቀንሳላችሁ፤ 50 ፈረስ ጉልበት። በእጀታ የሚነዳ ከሆነ ወይም ግድግዳው አጭር ከሆነ በ0.8 አባዝታችሁ 25 ስትቀንሱ 31 ይቀራል። በዚህ ላይ ታቹ ጠፍጣፋ፣ ታቹና ጎኑ የሚገናኙበት ጠርዝም ስል ከሆነ በ0.5 ተባዝቶ 15 ሲቀነስ 20 ብቻ። ርዝመትና ስፋት ያው ሆኖ በመሪው፣ በግድግዳው ከፍታና በታቹ ቅርጽ የተነሳ 50 የነበረው 20 ሆነ። «ጎረቤቴ በዚሁ ልክ ጀልባ 50 ገጥሟል» የሚለው ክርክር የማያስኬደው ለዚህ ነው። የርዝመትና የስፋቱ ብዜት ከ52 ለማይበልጥ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ እስከ 35 ድረስ 3 ፈረስ ጉልበት ብቻ ይፈቀዳል፣ ከ46 እስከ 52 ላለው 15፣ ጠፍጣፋ ታች ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

ፈርታችሁም እጅግ ትንሽ አትግዙ። ጉልበት ያነሰው ጀልባ ውሃ ላይ መነሳት ተስኖት አፍንጫውን ሰማይ ሰቅሎ ኋላውን ይጎትታል፤ ነጂው ከፊቱ ያለውን ዋናተኛ አያይም፣ ሞተሩም ሙሉ ጋዝ ላይ ሲለፋ ይውላል። የነፋስና የሞገድ ፊት ለፊት ወደ ዳር መመለስም ያቅተዋል። ሰው ዕቃ ይዞ ለሚዝናናበት ጀልባ ከሰሌዳው ከፍተኛ ቁጥር ከ75 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ጥሩ ነው። ውሃውን ገፍቶ ብቻ የሚሄድ፣ የማይነሳ ጀልባ ያላችሁ ግን ይህን ተዉት። ባለ 16 ጫማው ከ10 ኪሎሜትር በሰዓት ብዙም አያልፍም፤ የምትጨምሩለት ጉልበት ጅራቱን ከመቅበር በቀር የሚፈይደው የለም።

የሞተሩ እግር ርዝመት ከግድግዳው ከፍታ ጋር ይግጠም፤ 15 ኢንች ለ15፣ 20 ለ20፣ 25 ለ25። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ታች ጋር እኩል ወይም እስከ አንድ ኢንች ዝቅ ይበል። ክንፉ ከጀልባው ታች ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም።

ስትሞክሩት ባዶውን አትሞክሩ። ሰሌዳው የፈቀደውን ሰውና ዕቃ ጭናችሁ፣ ጃኬት ለብሳችሁ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ውጡ። ገና ሳትነሱ ከኋላው ግድግዳ ዝቅተኛ ጠርዝ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በእጅ ለኩ፤ በሐሳብ ሳይሆን በማስመሪያ። ከዚያ ሙሉ ጋዝ ላይ የሞተሩን ዙር ተመልከቱ። የሞተሩ መመሪያ በደቂቃ ከ5000 እስከ 6000 ብሎ እናንተ 4600 ላይ ከቀራችሁ፣ ሮጣችሁ ትልቅ ሞተር ፍለጋ አትሂዱ። የፕሮፔለሩን ፒች፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋውን ርቀት፣ በሁለት ወይም በሦስት ኢንች ቀንሱ፤ አንድ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ይጨምራል። ጋዙንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ እያላችሁ ልቀቁና ከኋላ የሚመጣው ማዕበል ጠርዙን ሳይሻገር መቆሙን አረጋግጡ። ከተሻገረ ባትሪውንና ቤንዚኑን ወደ መሃል አምጡና እንደገና ለኩ።