ስልካችሁ ላይ ያለውን ብሮውዘር ቀይሩት፣ ዳታችሁን እየበላው ነው

ዳታ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ኢንተርኔት የምንከፍትበትን አፕ አስበንበት አለመምረጣችን ሁሌ ይከነክነኛል። ስልክ ስንገዛ ካሜራውን እናያለን፣ ራሙን እንጠይቃለን፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል ብለን ሻጩን እናደርቀዋለን፣ ብሮውዘር ላይ ስንደርስ ግን አብሮት የመጣውን ክሮም ከፍተን እንቀጥላለን። ብዙ ሰው እንዲያውም ክሮምንና ኢንተርኔትን አንድ ነገር አድርጎ ነው የሚያያቸው። እኔ የምለው ይሄ ነው፣ አንድሮይድ ስልክ ይዛችሁ ፓኬጅ እየገዛችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ፋየርፎክስን አውርዱ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫኑበት፣ ከዚያ ፋየርፎክስን ዲፎልት፣ ማለትም ዋና ብሮውዘራችሁ አድርጉት። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ሰሞኑን እኔ ራሴ ከክሮም ወጥቼ ስልኬን ወደ ፋየርፎክስ አዙሬያለሁ፣ ጎን ለጎን ደግሞ ብሬቭን፣ ኦፔራ ሚኒን፣ ፐርፕሌክሲቲ የሚባለው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ኩባንያ የሠራውን፣ ብዙ የተወራለትን ኮሜትንም ሞክሬያለሁ። የትኛው ፈጣን ነው እያሉ በሰከንድ የሚለኩ ቪድዮዎች ዩትዩብ ላይ ሞልተዋል፣ እኔ ግን ስለ ፍጥነት አላወራም ምክንያቱም እኛ ጋ ገጽ የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ብሮውዘሩ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን ኔትወርኩ ስለሚያስቸግርና ገጹ ራሱ የማያስፈልግ ነገር ተሸክሞ ስለሚመጣ ነው።

እስቲ አንድ ተራ የአማርኛ ዜና ድረገጽ በክሮም ክፈቱና ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ርዕሱ ይመጣል፣ ማንበብ ስትጀምሩ ከላይ ማስታወቂያ ይገባና ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ የነበራችሁበት መስመር ይጠፋችኋል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ጥግ ላይ ቪድዮ በራሱ መጫወት ይጀምራል፣ መዝጊያዋ ኤክስ በጣም ትንሽ ስለሆነች ልትዘጉ ስትነኩ ማስታወቂያውን ትከፍቱታላችሁ፣ ሌላ ታብ ይመጣል፣ እዚያም ሌላ ምስል መውረድ ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ሁለት አንቀጽ ዜና ለማንበብ ነው። ጽሑፍ ራሱ እኮ ምንም ክብደት የለውም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ 5 ሺህ ፊደል ያለው ረዘም ያለ ዜና 15 ኪሎባይት ገደማ ነው፣ ተጨምቆ ሲላክ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በራሱ የሚጫወተው ቪድዮ ግን በሜጋባይት ነው የሚቆጠረው። የታክሲ ሒሳብ ከፍለህ የማታውቀውን ሰው ሻንጣ ታቅፈህ እንደመሄድ ነው፣ ሒሳቡ ያንተ፣ እቃው የሌላ።

ያንኑ ገጽ ፋየርፎክስ ላይ ከዩብሎክ ጋር ስትከፍቱት ርዕሱ፣ ፎቶውና ጽሑፉ ይመጣል፣ አለቀ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ፣ ማስታወቂያው ከወረደ በኋላ የሚሸፈን ይመስለዋል። አይደለም፣ ብሮውዘሩ ለማስታወቂያ ሰርቨሩ ጥያቄውን ራሱ አይልክም፣ ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ አይወርድም፣ ያልወረደ ነገር ከፓኬጃችሁ አይቆረጥም። ማስታወቂያ ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ሆነው የት ገባ የት ወጣ እያሉ የሚከታተሏችሁ ትራከሮችም አብረው ነው የሚታገዱት። ካላመናችሁኝ የስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ የእያንዳንዱን አፕ የዳታ አጠቃቀም የሚያሳይ ቦታ አለ፣ አንድ ሳምንት በክሮም አንድ ሳምንት በፋየርፎክስ ተጠቀሙና ራሳችሁ አወዳድሩ።

አሁን ክሮም ይሄን ለምን አያደርግም ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፣ የክሮም ባለቤት ጎግል ነው፣ የጎግል ዋና ገቢ ደግሞ ማስታወቂያ ነው። ስልክ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን የሚባል ነገር ጭራሽ አይቀበልም። ኮምፒውተር ላይ ይቀበል ነበር፣ ነገር ግን ማኒፌስት ቪ3 የሚባል አዲስ የኤክስቴንሽን ሕግ አመጡና እ.ኤ.አ. በ2025 ዩብሎክ ኦሪጅን ክሮም ላይ መሥራት አቆመ፣ አሁን ያለው አቅሙ የተቀነሰው ላይት የሚባለው ብቻ ነው። ጎግል ለሴኩሪቲ ነው ይላል፣ ከፊሉ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ውጤቱ ግን ማስታወቂያ ሻጩን የሚጠቅም መሆኑን ለማየት ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ክሮም ድሮ ዳታ ቆጣቢ ነበረው፣ በኋላ ላይት ሞድ ብለውት ነበር፣ ብዙ አገር ውስጥ ሰው የሚጠቀምበት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2022 ላይ አጠፉት። ከሰጡት ምክንያት አንዱ በብዙ አገሮች የሞባይል ዳታ ዋጋ ቀንሷል የሚል ነበር። ለማን ነው የቀነሰው? አዲስ አበባ ተቀምጦ የቀን ፓኬጅ እየገዛ ማታ ላይ የሚያልቅበት ተማሪ ይሄን ሲሰማ ምን ይላል? ካሊፎርኒያ ተቀምጦ የሚወሰን ውሳኔ እዚህ የኛን ኪስ እንዴት እንደሚነካ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ወደ ፋየርፎክሱ ልመለስና እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ባለ ሦስት ነጥቧን ነክታችሁ ኤክስቴንሽን የሚለው ውስጥ ስትገቡ ዩብሎክ ኦሪጅን እዚያው ዝርዝሩ ላይ ታገኙታላችሁ፣ መጫን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል፣ ግን ዩብሎክ ሴቲንግ ውስጥ ለኛ ዓይነት ተጠቃሚ የተሠሩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከዚህ ኪሎባይት በላይ የሆነ ምስልና ቪድዮ አታውርድ የሚል ነው፣ 50 ኪሎባይት ላይ ተሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩን እንደፈለጋችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ፎቶ ማየት የምትፈልጉበት ድረገጽ ካለ ደግሞ ለዚያ ብቻ ታነሱታላችሁ። ፓኬጅ ሊያልቅ ሲል ይሄን ማብራት ነው። ሁለተኛው ድረገጾች ይዘውት የሚመጡትን ፎንት የሚከለክል ነው። የአማርኛ ድረገጽ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የግዕዝ ፎንት ከ300 በላይ ፊደልና ምልክት ስለሚይዝ ፋይሉ ቀላል አይደለም፣ አንድሮይድ ደግሞ የራሱ የግዕዝ ፎንት አብሮት ስላለ ሌላ ማውረድ አያስፈልገውም። ጉዳቱ አንዳንድ ድረገጽ ላይ ሜኑና መፈለጊያ ምልክቶቹ ባዶ ሳጥን ይሆናሉ፣ እኔ ችዬዋለሁ።

ኦፔራ ሚኒን ለማጣጣል አልፈልግም፣ ለዚህች አገር ኢንተርኔት ባለውለታ ነው። ስማርት ፎን ሳይበዛ በፊት በትንንሾቹ ጃቫ ስልኮች ፌስቡክ የገባነው በሱ ነው፣ አማርኛ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ብቻ የሚያሳዩ ስልኮች ላይ ኦፔራ ኮንፊግ ብለን ገብተን ቢትማፕ ፎንት የሚለውን ዬስ አድርገን አማርኛ ያነበብን ሰዎች አለን። ዛሬም ቢሆን ኔትወርክ ሞቶ አንድ ገጽ እንኳን አልከፍት ሲል እሱን የሚያህል የለም። ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዳታ በጣም የሚቆጥበው ኤክስትሪም የሚባለው ሞድ ላይ ሲሆን ድረገጹን የሚከፍተው ስልካችሁ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው፣ ሰርቨሩ ከፍቶ፣ ጨምቆ፣ ትንሽ አድርጎ ይልክላችኋል። ይሄ ማለት ፓስወርዳችሁም የምታነቡትም በመሀል እነሱ ጋ ያልፋል ማለት ነው፣ ከእናንተ እስከ ድረገጹ ድረስ የተዘጋ መስመር የለም። ለዜናና ለስፖርት ውጤት ይሁን፣ ለባንክና ለኢሜይል ግን በኤክስትሪም ሞድ አትግቡ፣ ይሄን ለቤተሰብም ንገሩ።

ብሬቭ ጥሩ ነው። ማስታወቂያ ማገጃው አብሮት የተሠራ ስለሆነ ምንም መጫን ሳያስፈልግ ካወረዳችሁት ደቂቃ ጀምሮ ይሠራል፣ ለእናትና አባት ስልክ ይሄኛው ይቀላል ለሚል ሰው አልከራከርም። የመሠረተው ብሬንዳን አይክ ነው፣ ጃቫስክሪፕትን የፈጠረው ሰውዬ፣ ፋየርፎክስን የሚሠራውን ሞዚላንም ካቋቋሙት አንዱ ነበር። እኔን ያልተመቸኝ አንደኛ የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ነገር በየቦታው ስላለበት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሰው የክሪፕቶ ድረገጽ አድራሻ ሲጽፍ ብሮውዘሩ የራሱን ኮሚሽን የሚያገኝበት ሊንክ ሲጨምር ተይዞ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሁለተኛው ምክንያቴ ከታች አለ።

ኮሜትና ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ ብሮውዘር አትላስ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ኤአይ ተቀምጦ ይሄን ግዛልኝ፣ ይሄን ኢሜይል መልስልኝ ስትሉት በናንተ ምትክ የሚሠራ ነው። ሲያዩት ያስደንቃል። ግን ኢሜይላችሁና ባንካችሁ ክፍት ሆኖ እያለ ኤአዩ ድረገጽ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ አንብቦ እንደ ትእዛዝ ሊቀበለው ይችላል፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2025 ላይ የብሬቭ ተመራማሪዎች ኮሜት ላይ ይሄን አሳይተዋል፣ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈች አንዲት ኮሜንት ውስጥ ትእዛዝ ደብቀው ማለት ነው። ይሄ ነገር መፍትሔ እስኪያገኝ ዋና ብሮውዘር ላደርገው አልችልም።

አሁን ያ ሁለተኛው ምክንያት። ብሬቭ፣ ኦፔራ፣ ኤጅ፣ ኮሜት፣ አትላስ፣ እነዚህ ሁሉ ተፎካካሪ ይመስላሉ እንጂ አብዛኛው ሥራቸው የቆመው ክሮሚየም ላይ ነው፣ የክሮም መሠረት የሆነው ኮድ ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ በዋናነት የሚሠራው ጎግል ነው። ኦፔራ የራሱን ኤንጂን፣ ማለትም የድረገጹን ኮድ አንብቦ ስክሪን ላይ የሚያወጣውን የብሮውዘሩን ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተወ፣ ማይክሮሶፍትም በ2020 ኤጅን ወደ ክሮሚየም አዞረው። አፕል ዌብኪት የሚባል የራሱ ኤንጂን አለው፣ ከሱ ውጪ በሰፊው የሚሠራበት የራሱ ኤንጂን ያለው ፋየርፎክስ ብቻ ነው። ይሄ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት ገበያውን ጠቅልሎ በያዘ ጊዜ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የሚባለውን ብሮውዘሩን እ.ኤ.አ. በ2001 አውጥቶ ቀጣዩን ያመጣው በ2006 ነው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ዓለም በዚያ ነው የቆየው፣ ያነቃው ደግሞ በ2004 የወጣው ፋየርፎክስ ነው። ዛሬ ከዓለም ተጠቃሚ ሁለት ሦስተኛው አካባቢ ክሮም ላይ ነው ያለው፣ ጎግል ማኒፌስት ቪ3ን ሲያመጣ ዩብሎክ በሙሉ አቅሙ የሚኖርበት ቤት ያገኘው ይሄ ሌላው ኤንጂን ስላለ ነው።

ፋየርፎክስ እንከን የለውም አልልም። ራሱ ብሮውዘሩ ውስጥ ያለው ትርጉም ስልካችሁ ላይ ስለሚሠራ የምታነቡት ወደ የትም አይላክም፣ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን እኔ ስሞክረው አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፣ ክሮም ግን ወደ አማርኛም ከአማርኛም ይተረጉማል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ይሄን ሊያጣው አይፈልግም፣ እውነቱን ነው። የገንዘቡ ነገርም አለ፣ የሞዚላ አብዛኛው ገቢ የሚመጣው ጎግልን ዲፎልት ሰርች ስላደረገ ጎግል ከሚከፍለው ነው፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ዳታችሁን መቼም አንሸጥም የሚለውን ቃላቸውን ከድረገጻቸው አንስተው ከተጠቃሚ ትልቅ ቁጣ ገጥሟቸው ነበር፣ ማብራሪያ ሰጡ፣ እኔን ግን ሙሉ በሙሉ አላረካኝም። እንደዚያም ሆኖ ከክሮም ጋር ሳወዳድረው ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ አልጠፋኝም። አይፎን የያዛችሁ፣ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በተለይ፣ እዚያ ያለው ፋየርፎክስ በውስጡ ዌብኪት ስለሆነ ይሄ የማወራው አይሠራላችሁም፣ ለናንተ አይፎን ላይ አብሮ ለሚመጣው ብሮውዘር ለሳፋሪ ዩብሎክ ላይት ወጥቷል።

የአገራችን ሚዲያዎች ከማስታወቂያ የሚያገኙትን ትነሳቸዋለህ የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። የማነብበውና የማከብረው ድረገጽ ላይ ስገባ ዩብሎክን አጠፋለታለሁ፣ አንድ ቁልፍ መንካት ነው፣ ለዚያ ድረገጽ ብቻ ይጠፋል። ጥግ ላይ ቪድዮ የሚያጫውት፣ የውሸት ዳውንሎድ ቁልፍ የሚያስቀምጥ ድረገጽ ግን ከኔ ዳታ ላይ ገቢ ሊሰበስብ መብት ያለው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ለአገር ውስጥ ዌብ ዴቨሎፐሮች። አንድ የምጠቀምበት የአገልግሎት ድረገጽ ፋየርፎክስ ላይ ፎርሙን ሞልቼ ስጨርስ መላኪያ ቁልፉ አይሠራም፣ ክሮም ላይ ሲከፈት ይሠራል፣ የሠራው ሰው ክሮም ላይ ብቻ ሞክሮ እንዳስረከበው ግልጽ ነው። ሰው ከክሮም እንዳይወጣ የሚያስረው የጎግል ጉልበት ብቻ አይደለም፣ እንደዚህ ዓይነቱ ሥራም ነው። ፎርም የያዘ ገጽ ስትሠሩ ከማስረከባችሁ በፊት ፋየርፎክስ ላይ፣ ያውም ርካሽ ስልክ ላይ፣ አንዴ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሙሉት።