«ራስህ ነህ የሰፋኸው?»

ትናንት ጠዋት ከግቢያችን በር ላይ ጎረቤቴ እማማ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ራስህ ነህ የሰፋኸው?» አሉኝ። እንዴት አደርክ የለ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው የለ። መጋረጃ ዘግቼ አምስት ሳምንት የደከምኩበትን ሱሪ፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናዘዝኩትን፣ በአንድ እይታ ሰፊውን አወቁት። «አዎ» ብል ውርደት፣ «አይደለም» ብል ሐሰት። «ምን አሉኝ?» ብዬ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ።

እስቲ አሁን ሰልባጅ የለበሰን ሰው «ይህን ማን ሰፋልህ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ? ጉልበቱ የተተረተረ ጂንስ ለብሶ የሚያልፈውን ጎረምሳስ ማን አስቁሞ መረመረው? ከባሕር ማዶ የመጣ ስፌት ሲጣመም «ሞዴሉ ነው» ይባላል። እዚህ ቤት የተሰፋ ሲጣመም ግን ጠማማው ሰፊው ነው። ይሄ ነገር በእውነት ያንገበግበኛል።

ለነገሩ መስፋት የጀመርኩት ሙያ ኖሮኝ አይደለም፤ ቂም ይዤ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ለፋሲካ ካኪ ገዝታ ሰፈራችን በረንዳ ላይ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ሰጠችልኝ። ልኬን ወሰደና «ሐሙስ ና» አለኝ። ሐሙስ ስሄድ «ነገ»። ነገ ስቅለት ነው፤ እሱም ስግደት ሄዷል። ቅዳሜ ማታ፣ እቤት ዶሮው እየተገነጠለ፣ ሱሪዬን ወረወረልኝ። ቀኝ እግሩ ልክ ነው፤ ግራው በሦስት ጣት ይረዝማል። እናቴ ብትጮህበት ቀና እንኳ ሳይል «ግድ የለም፣ ያድግበታል» አላት። ግራ እግሬ ብቻ! ያን ፋሲካ አንዱን እግር አጥፌ፣ ጅረት እንደሚሻገር ሰው ሆኜ ዋልኩ።

ወር ሳይሞላው ኪሱ ተቀደደ። ወስጄ ባሳየው «ከአያያዝ ነው» አለኝ።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አባቴ ለሁሉ ነገር ይተርተው ነበር፤ ለብድርም፣ ለትዳርም፣ ለጃንጥላም። የሚቀደደው ምን እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም። እኔ ኪስ ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ተረቱን የፈጠረው አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጭቆ መልስ ሲያጣ ይመስለኛል።

ሬኖ፣ ኔቫዳ ውስጥ የነበረውን ልብስ ሰፊ ጃኮብ ዴቪስን ተመልከቱት። አንዲት ሴት ለእንጨት ቆራጭ ባሏ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ጠየቀችው። «ባልሽ አያያዝ ይማር» አላላትም። የኪሱን ጫፎች በመዳብ ችንካር ቸነከራቸው። ገበያው ሲደራለት ጨርቅ ከሚያቀርብለት ነጋዴ ከሌቪ ስትራውስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የእኛው ሰውዬ ችንካር ባያምረው እንኳ ክሩን ሁለቴ ቢመልሰው ምን ነበረበት?

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሱሪው።

የእናቴን የእግር ሲንጀር አቧራውን አራግፌ ዘይት ቀባሁ። ጨርቁን ሁለት እጥፍ አድርጎ መቁረጥ ሲገባ ነጠላውን ዘርግቼ፣ ያንኑ ንድፍ ሁለቴ አስቀምጬ ቆረጥኩና ሁለት የፊት ግራ እግር አገኘሁ። ያ ሰው ትዝ አለኝ፤ ግራ እግር ይከተለኛል መሰለኝ። ትርፍ ጨርቅ ስለነበረ ቀኙን እንደገና ቆረጥኩ። ቀጥሎ ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን አስተኝቼ ከወገብ እስከ ታች አያያዝኳቸው። እግር ማስገቢያ የሌለው ከረጢት ሆኖ አረፈው። ሱሪ ባንገት የሚባለውን እስከዚያን ማታ አባባል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለት ሌሊት በምላጭ ስተረትር አደርኩ። ዘዴው ለካ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ እግር ለብቻው ይሰፋል፤ ከዚያ አንዱ በደህናው በኩል ይገለበጥና ሌላው ውስጥ ይከተታል፤ ኩርባው ከፊት ተነስቶ እስከ ኋላ ባንድ ጉዞ ይሰፋል። የኋላው ኩርባ ከፊቱ ረዘም ማለት አለበት፤ ሰው ይቀመጣላ! አላስረዘምኩትም ነበር። ካርቶን ለማንሳት ጎንበስ ስል ሲንጣጣ ሰማሁ።

እሱም ታረመ። የማይታረመው ሌላ ነው። ወገቤን የለካሁት በደብረ ዘይት ሰሞን፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሽሮ ባደቀቀኝ ጊዜ ነው። ሱሪው ያለቀው ለዳግም ትንሣኤ። በመካከሉ ዶሮ አለ፣ ቅርጫ አለ፣ የአማቶቼ ቤት አለ። ቁልፉና ቀዳዳው ተያዩ እንጂ አልተገናኙም። ምን ላድርግ? የኋላውን ስፌት ከወገብ ወደ ታች ተርትሬ፣ ከተረፈ መጋረጃ ሽብልቅ የመሰለ ቁራጭ ጨመርኩበት። ካኪው ቡና ዓይነት ነው፤ መጋረጃው አበባ አለው። ሸሚዝ ይሸፍነዋል።

እማማ ያን ጠዋት ያዩኝ ከፊት ነው። ከፊት ምን አይተው አወቁ? ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ። ጠይቄ እንዳላጣራ ጥያቄው መልስ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ዛሬ በር ላይ ሳገኛቸው እጅ ነስቼ፣ ጀርባዬን ሳላዞር፣ ንጉሥ ፊት ቀርቦ እንደሚሰናበት ሰው ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ለሠራተኛቸው «አየሽ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ አሁን የት ይገኛል?» ሲሉ ሰማኋቸው።