ደጅ የሌለው ደጅ ጥናት

አያቴ በአንድ የመሬት ክርክር ሁለት ክረምት ሙሉ ደጅ ጠንተዋል። ሲያወሩት ግን የመከራ ታሪክ አያስመስሉትም ነበር። ደጁ ይታያል፤ በረኛው ስም አለው፤ ማር ይዞ የመጣና እጁን እያወዛወዘ የመጣ የሚቆሙበት ቦታ ይለያያል፤ ጌታው በበቅሎ ሲወጡ ባለጉዳይ ሁሉ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። «ዐይናቸው ዐይኔ ላይ ካረፈ ያ ቀን በከንቱ አልዋለም» ይሉ ነበር። እኔ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ደጅ ጠናሁ። ደጅ የለውም። በረኛ የለውም። ማር የሚቀበልም የለም። የነበረኝ ሦስት ፊደልና ዐሥር አሃዝ ያለው የማመልከቻ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ሳስገባ ማሽኑ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ይለኛል። ትናንት የነገረኝም ይህንኑ ነው። የእናቴን ስልክ ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፤ ያን ቁጥር ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ ከኋላ ወደ ፊት እወርደዋለሁ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው፦ የምሠራበት የሂሳብ ድርጅት በአሜሪካ በቋሚነት እንድኖር ስፖንሰር ሆነልኝ። ይህን ለእናቴ በስልክ ሳስረዳ፣ ሪያድ ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታችን አጠገቧ ነበረች። «ገባኝ፤ ከፊል ማለቱ ነው» ብላ ከእኔ በተሻለ አስረዳችልኝ። ዐረቦቹ ሠራተኛ የሚያስመጣውን ሰው ከፊል ነው የሚሉት፤ የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ በእሱ ስም የታሰረ ነው። እዚህ ፓስፖርቴን የወሰደብኝ የለም፤ ሁለቱ አይገናኙም ብዬ ልከራከር ስል፣ ቃሉ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትደውል ከእኔ ጤና ቀጥላ የምትጠይቀው «ከፊልህስ ደህና ነው?» እያለች ነው።

ነገሩ የሚጀምረው የራስን ሥራ ለሌላ ሰው በማስታወቅ ነው። ሕጉ አሠሪው ለዚያ ሥራ፣ በዚያ ደመወዝ፣ ብቁና ፈቃደኛ የሆነ አሜሪካዊ እንዳላገኘ ያሳይ ይላል። ስለዚህ ማስታወቂያው በሁለት እሑዶች ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በክፍለ ግዛቱ የሥራ ማፈላለጊያ ላይም ለ30 ቀን ይቆያል። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር፣ እኔው እንደተቀመጥኩበት፣ ክፍት ነው ተብሎ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። አጻጻፉ ግሩም ነበር፤ ለማመልከት ሁሉ ቃጣኝ።

አንድ አመልካች መጥቷል የተባለ ዕለት ምሳ አልበላሁም። ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ዲግሪውን ሳይጨርስ የቀረ እንዲሆን ስለት ልሳል ስል ራሴን ያዝሁት። ደግነቱ ሰውየው የከባድ መኪና ሾፌር ኖሯል፤ ያመለከተው በስሕተት ነው። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ተሳቢ ባየሁ ቁጥር ቅድሚያ እሰጣለሁ።

ከሁሉ የባሰው የግድግዳው ነው። ወረቀቱ በሥራ ቦታው፣ ሰው ሊያየው በሚችል ስፍራ፣ ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት መለጠፍ አለበት። ደመወዙም ይጻፍበታል። እኛ ቢሮ ሰው የሚያየው ስፍራ አንድ ብቻ ነው፤ ከቡና ማሽኑ በላይ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ እዚያ ቤት ሃያ ዓመት የቆዩ አንዲት አንጋፋ ባልደረባችን ኩባያቸውን ከማሽኑ ሥር አስቀምጠው ቀና አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ከርእሱ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ደመወዙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቡናው ሞልቶ ፈሰሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያንተ ነው?» አሉ።

«አዎ» አልኩ።

«እህም» አሉ።

ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ላይ ማስረጃ አለኝ የሚል ማንኛውም ሰው የሚጽፍበት የመንግሥት አድራሻ አለ። ያን ሁለት ሳምንት የሴትዮዋን ቡና የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ወተቱን ሳይቀር በልካቸው ዐወቅሁት።

ወረቀት የሚጠብቅ ሰው ጠባዩ እንዴት እንደሚያምር! ቅዳሜ ግባ ሲሉኝ እገባለሁ። አለቃዬ ሲያስለው እኔን ያመኛል። ድርጅቱ ደንበኛ ያጣ ቀን ከባለቤቱ በላይ የማዝነው እኔ ነኝ፤ ድርጅቱ ቢዘጋ እሱ የሚያጣው ገንዘብ ነው። አንድ ጊዜ የሥራ እድገት ሊሰጡኝ ተነሡ። ጠበቃዋ «መደቡ ከተለወጠ እንደገና ከአንድ መጀመር ሊኖርብን ይችላል» ስትል፣ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ እባክህ አታሳድገኝ ብዬ ለመንኩ። ሰውየው በትሕትናዬ ተነካ። እድገቱን ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ ወሰደው፤ አሁን ቅዳሜ ግባ የሚለኝ እሱ ነው።

እናቴም በበኩሏ ሥራ አልፈታችም። ከፊሌ በጸሎት እንዲታሰብ ስሙን ጽፋ ለንስሓ አባቷ ሰጠች። ስሙ ለአባ አፍ አልመች ስላለ ከብዙ ሙከራ በኋላ «እኔ ወልደ ሚካኤል እለዋለሁ፤ እግዚአብሔር ማንን እንደሆነ ያውቀዋል» አሉ። ይኸው ሰውየው ኦሃዮ ውስጥ ተወልዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ ዘመን የቆጠረ፣ ሳያውቀው በአንድ የደብረ ብርሃን ደብር ወልደ ሚካኤል ተብሎ ይጸለይለታል። በርበሬም ተልኮለታል። ለሥጋ መጥበሻ ነው ብዬው በማግሥቱ ዐይኑ ቀልቶ መጣ፤ «እናትህ ጠንካራ ሴት ናት» አለኝ።

አገር ቤት ግን ይህን ሁሉ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። እኛ ዘንድ አሜሪካ የሚገባው በዲቪ ነው። ሰው ፎቶ ቤት ይሄዳል፣ ነጭ ጨርቅ ፊት ይቀመጣል፣ ይሞላል፣ ይደርሰዋል፣ ይሄዳል። የሰፈራችን የታክሲ ረዳት ደርሶት ቨርጂኒያ ገባ፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ካርዱ በፖስታ መጣለት። ያን ጊዜ እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ አራተኛ ዓመቴን ልደፍን ነበር። ጉዱ ደግሞ የእሱንም የእኔንም መንገድ የደነገገው ያው አንዱ የ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ መሆኑ ነው፦ በዕጣ 55,000፣ በሥራ 140,000። የእኔው ቁጥር ይበዛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሠራተኛው ሚስትና ልጆችም ከዚያው ላይ እንደሚቀነሱ እስክሰማ። እናቴ በየጥቅምቱ ፎቶ ቤት ሄዳ ዲቪ ትሞላልኝ ነበር። ፎቶው የዩኒቨርሲቲ ምረቃዬ ነው። በስድስት ወር ውስጥ የተነሣ መሆን አለበት ብላት «ምን አረጀህና?» አለችኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወገኔም ከዚህ አይሻልም። ክርስትና ሄድኩ፣ ልቅሶ ደረስኩ፣ ከቅዳሴ ወጣሁ፣ ሰላምታው አንድ ነው፦ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ወረቀቱስ? አንዱ ጠበቃ ቀይር ይላል። ሌላው ለምክር ቤት አባልህ ጻፍ ይላል። ትልልቆቹ ሴቶች ወጡን እየጨለፉልኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፦ «የእገሊት ልጅ ቆንጆ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ዜግነት አላት።» ዜግነቱን ሲጠሩ ጭልፋው ላይ ሥጋ ይጨመራል።

እኅቴ ስታገባ አልሄድኩም። ጠበቃዋ «መከልከል እንኳ አልከለክልህም፤ ባትሄድ ግን ይሻላል» ስላለች ሠርጉን በስልክ ታደምኩ። ስልኩን የያዘው የአጎቴ ልጅ እስክስታው ሲጀመር የለስላሳ ጠርሙስ ላይ አስደግፎኝ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ያየሁት የድንኳኑን ጣሪያ ነው። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ጠርሙሱን ሲያነሡ በአፍንጫዬ ተደፋሁ።

ወረፋውን የሚያስታውቀው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ የሚያወጣው ሰንጠረዥ ነው። ለየምድቡ አንድ ቀን ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ማመልከቻህ ከዚያ ቀን በፊት የገባ ከሆነ ተራህ ደርሷል። የእኔ የገባው በፈረንጆች ኖቬምበር 21 ቀን 2022 ነው። በእኛ ሲመነዘር ኅዳር 12 ቀን 2015። ኅዳር ሚካኤል! እናቴ ይህን የነገርኳት ዕለት ጉዳዩን እንደተፈጸመ ቆጠረችው።

የአፕሪል 2024 ሰንጠረዥ ሲወጣ ኖቬምበር 22 ቀን 2022 ይላል። በአንድ ቀን አለፍኩ። አንድ ቀን! ጠበቃዋ ሰኞ ያስገባችውን ማክሰኞ ብታስገባው ኖሮ ውጭ ነበርኩ። እናቴ ለሚካኤል የተሳለችውን ጃንጥላ አስገባች፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ። አፕሪል አለፈ፣ ሜይ አለፈ፣ ጁን አለፈ፤ ፋይሌን የሚያነሣ እጅ አልተገኘም። በጁላይ ሰንጠረዡ ወደ ዲሴምበር 1 ቀን 2021 ተመለሰ። ለስኳርም ለዳቦም ተሰልፌ ዐውቃለሁ፤ ሰልፍ ሲቆም እንጂ ዓመት ወደ ኋላ ሲራመድ አይቼ አላውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከ140,000ው ውስጥ የእኔ ምድብ ድርሻ 28.6 በመቶ፣ ማለትም 40,000 ግድም ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚያልቀው በሴፕቴምበር መጨረሻ ሆኖ ድርሻው ቀድሞ ሊሟጠጥ ተቃረበ። ይህን ግን ጃንጥላ ላስገባ ሰው አስረዳ። «ሚካኤል የሰጠውን ማን ነው የሚመልሰው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በኦክቶበር አዲሱ ዓመት ሲገባ ሰንጠረዡ ኖቬምበር 15 ቀን 2022 ላይ ቆመ። ስድስት ቀን ጎደለኝ። የኖቬምበሩ ሰንጠረዥም 15። የዲሴምበሩም 15። እነዚያ ስድስት ቀናት ሦስት ወር ፈጁ። ብስጭቴን ለአንድ ሕንዳዊ ባልደረባዬ ዘረገፍኩለት። ለአንድ አገር ከ7 በመቶ በላይ ስለማይሰጥ የሕንዶቹ ወረፋ ለብቻው ነው፤ ያን ጊዜ ገና 2012 ላይ ነበር። ሰውየው በጥሞና ሰማኝ። «የአንተስ መቼ ነው?» አልኩት። «2014» አለኝና ሻይ ቀዳልኝ። ሲያስገባ ያልተወለደች ልጁ ያን ሰሞን የአራተኛ ክፍል የሂሳብ ውድድር አሸንፋ ነበር።

የጃንዋሪ 2025 ሰንጠረዥ ዲሴምበር 1 ቀን 2022 አለ፤ አሁን በዐሥር ቀን አለፍኩ። በቀጣዩ ወር አንድ ማታ ቁጥሬን ሳስገባ ማሽኑ ሌላ ነገር ተናገረ። ቁጥሩን ተሳስቼ የሰው ጉዳይ የከፈትኩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ካርዱ ሲመጣ ከግሮሰሪ ቅናሽ ማስታወቂያዎች መካከል ተወሽቆ ነበር፤ ከፒዛው ማስታወቂያ ጋር አብሬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። «ቋሚ ነዋሪ» ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል። እናቴ እልል ብላ ስታበቃ «በል እንግዲህ ከፊልህን አንድ ነገር እንዳትናገረው፤ የስንት ዓመት ጸሎት አለበት» አለች።

እኔ ግን ልናገር ቆርጬ ነበር። ቅዳሜ መግባት ይብቃ፤ እድገቴም ይመለስ። ሰኞ ጠዋት ንግግሬን በልቤ እያነበነብኩ፣ ካርዱን በደረት ኪሴ ይዤ፣ ጉሮሮዬን ላርጥብ ብዬ መጀመሪያ ወደ ቡና ማሽኑ ሄድኩ። ከማሽኑ በላይ ወረቀት ተለጥፏል። ቴፑ ገና አልደረቀም። ከርእሱ ጀምሬ አነበብኩት፦ ያው የእኔ መደብ፣ ያው ዲግሪ፣ ያው የሁለት ዓመት ልምድ። ደመወዙ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ከእኔ ደመወዝ በዐሥራ አንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል።

ቡናው ሞልቶ እጄ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት። ከኋላዬ አንድ ካትማንዱ የተወለደ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት የተቀጠረ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ናፕኪን አቀበለኝ። ወረቀቱን አያይም፤ ጫማውን ነው የሚያየው።

«ያንተ ነው?» አልኩት።