«ልክ አስገቡልን» ማለቱን ተዉ

የባሕር ዳር ሰዎች፣ የዛሬው ቁጣዬ በእናንተ ላይ ነው። የታሰሩ ልጆችን ወደሚጠብቀው ዋርድያ በኋላ እመጣለሁ።

መናኸሪያ አካባቢ አንድ ልጅ ስልክ መንትፎ ተያዘ እንበል። መጀመሪያ እናንተ ትረባረቡበታላችሁ። ከዚያ እየጎተታችሁ ፖሊስ ጣቢያ ታደርሱታላችሁ። ስትወጡ ደግሞ «ልክ አስገቡልን!» ትላላችሁ። የገዛ ልጁን ይዞ ሄዶ «አንድ ሁለት ቀን አሳድራችሁ ቅጡልኝ» የሚል አባትም አለ። ከዚያ በኋላ ልጁ ታሞ ሲወጣ «ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» ይባላል። ፈቃዱን የሰጣችሁት እናንተ አይደላችሁ እንዴ?

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይቀጣ። ቅጣቱን የሚወስነው ግን ዳኛ ነው።

ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለውን ፍርድ ቤት ሊገሥጸው፣ ከቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ሊወስንበት ወይም ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። ከአዋቂ ጋር ግን አይታሰርም። ግርፋት ድሮ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣት ጥፋተኛን መግረፍ ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ አስቀረው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። እናንተ ግን ገና 1949 ላይ ናችሁ።

የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የተያዘውን ልጅ ፖሊስ፣ ወላጅ ወይም ከሳሹ ራሱ ወዲያው ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ያቅርበው ይላል። ከሳሹ ማለት ስልኩ የተመነተፈበት ሰው ነው። ስንቶቻችሁ ታውቁ ነበር?

ወደ ዋርድያው ልምጣ። ሥራው ከባድ ነው፣ አልክድም። አንዱ ልጅ ሌላውን ሊፈነክት ሲል ይዞ ማስቆም አለበት። የተባበሩት መንግሥታት በ1990 እ.ኤ.አ. ስለታሰሩ ልጆች ያወጣው ደንብም ይህን አይከለክልም። ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ልጁን ሳያዋርዱ ይሁን ነው የሚለው። መሣሪያ መያዝን ግን ከልክሏል። ጣጣው የሚመጣው «እምቢ» ያለን ልጅ በጉልበት ለማንበርከክ ሲሞከር ነው።

እንግሊዝ አገር በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ የ15 ዓመት ልጅ በሦስት ጠባቂዎች እጅ ሞቷል። ክብደቱ 40 ኪሎ ገደማ ነበር። የጠቡ መነሻ ቶስተር አላጸዳም ማለቱ ነው። «መተንፈስ አቃተኝ» እያለ አልለቀቁትም። የያዙት ደግሞ በዘፈቀደ ሳይሆን ሠልጥነውበት፣ መንግሥት በፈቀደው አያያዝ ነበር። እንግዲህ «ልክ አስገቡልን» የተባለ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ልጅ የታሰረባችሁ ስንቅ አቀብላችሁ ብቻ አትመለሱ። ለብቻው አነጋግሩት። ከተመታ ቀኑን ጻፉ፣ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ፣ ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለሰብአዊ መብት ኮሚሽን አመልክቱ።

ጎዳና ያደገውስ? ሐይቁ ዳር ጫማችሁን ሲጠርግ የከረመው ሊስትሮ ቢታሰር ማን ይጠይቀዋል? ማንም። ዱላውም የሚበረታው ጠያቂ በሌለው ላይ ነው። እድርና ሰንበቴ አላችሁ። ድንኳን ለመትከል ስትሮጡ አይቻለሁ፣ የሚያህላችሁ የለም። ለታሰሩ ልጆች በየሳምንቱ የሚሄድ ሁለት ሰው መመደብ አያቅታችሁም። በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ አስይዙት፤ ሰብሳቢው «ይህ የእድር ጉዳይ አይደለም» ካለም ተከራከሩት።