ከአግዳሚው ሥር የተለቀመ ዳቦ

ጎንደሬ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። የቁጣዬ ግማሽ በራሴ ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ተቀምጠናል። ተረኛዋ አንዲት እናት ናቸው፣ ሸክላ ሠሪ። በዓመት አንዴ የምትደርሳቸው ተራ ናት። ሁለት ትልልቅ ድፎ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ንፍሮ ቀቅለው መጥተዋል። ነጠላቸው የጥምቀት ዕለት እንደሚለበሰው ነጭ ነው። ቄሱ ባረኩ። ዲያቆኑ ቆርሶ አደለ። ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ተቀበልን። እሳቸው "ብሉ እንጂ፣ በሞቴ" እያሉ ይዞራሉ።

የበላ የለም። አንዱ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ። አንዷ ቀስ ብላ ከአግዳሚው ሥር ወሸቀችው። አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ግን ጎረሰ። እናቱ ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ አወጣችበት። "ትፋው!" አለችው በሹክሹክታ። ለምን? "ቡዳ ናቸው" ስለሚባል። ጭቃ የሚያቦካ እጅ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ እጅ ሰው ይበላል ስለሚባል!

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጃንጥላዬን ረስቼ ተመለስኩ። እኚያ እናት ተንበርክከው ከአግዳሚው ሥር ቁራሹን ይለቅማሉ። አቧራውን እፍ ይሉና ይስሙታል፤ ከዚያ ነጠላቸው ላይ ያኖሩታል። አንድ በአንድ። ቀና ብለው አዩኝ።

"የተባረከ ነው፣ እንዳይረገጥ ብዬ ነው ልጄ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

የእኔ ቁራሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። ቡዳ በሚባል ነገር አላምንም። ግን አጠገቤ የተቀመጡት ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የሚያምንበትስ እውነት መስሎት ነው። እኔ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ። አጎንብሼ እንኳ አንዲት ቁራሽ አላነሳሁላቸውም።

በዚያው ጠዋት እኮ እሳቸው ቆርበዋል። ከኋላቸው የተሰለፉት እናቶች በዚያው እርፈ መስቀል፣ በዚያው የቁርባን ማንኪያ ተቀብለዋል፤ የተጠየፈ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዳቧቸውን ተጠየፍን። ጠላ የምንጠምቅበት ጋን፣ ቡና የምናፈላበት ጀበና፣ እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ ከማን እጅ ወጣ? የምንኮራባቸውን ግንቦች ከሠሩት መካከል ቤተ እስራኤል ግንበኞች ነበሩበት። እጃቸውን ለግንብ ፈለግነው፣ ለማዕድ ሲሆን ሸሸነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኛ ስድቡን ትተን ዳቦውን ከአግዳሚ ሥር መወሸቅ ያዝን።

አሁን ደግሞ ማጣሪያው በዝቷል። አማራ ነው፣ ቅማንት ነው፣ ትግሬ ነው ሳንባባል ሰላምታ እንኳ አይወጣንም። ባለ መኪናው ዘግይቶ ሲመጣ ከፊት ቦታ ይለቀቅለታል። ሁላችንም ግን ማተብ አስረናል።

ጴጥሮስም በአንጾኪያ እንዲህ አድርጎ ነበር። ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ያ ታላቅ ሐዋርያ! ጳውሎስ ግን ዝም አላለውም፤ በሁሉም ፊት ገሠጸው። በእኛ ሰንበቴ ቄስ ነበሩ፣ መሪጌታ ነበሩ፣ እኔም ነበርኩ። አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም።

ወገኖቼ፣ ብዙ አልለምናችሁም። የተባረከውን ጉረሱ። ልጅ ሲጎርስ ጣታችሁን ሰብስቡ። ካልሆነላችሁ ደግሞ "በአንዲት ጥምቀት እናምናለን" ስትሉ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉት፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጮክ ብዬ ልለው አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ መጥተው ነበር። ዳር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልል ፈልጌ አፌ ተያዘ። እሳቸው ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ።

ተራቸው የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። ድፏቸውን ይዘው ይመጡ ይሆን? እንዲመጡ እየጸለይኩ ነው።